«ፊታቸውን አምጪልኝ»፦ ከሆሳዕና እስከ ራስ መኮንን ድልድይ

ፒያሳን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ወደፊት ለማትረግጧት ለአገሬ ልጆች ይህን ጻፍኩ። ስለ ሕንፃዎቿና ስለ አደባባዮቿ የሚነግራችሁ አታጡም። እኔ የምነግራችሁ ስላረፍኩበት ቤት፣ ስለበላሁት፣ ስላበላሸሁትና ይዤው ስለተመለስኩት ነው።

የመንገዴ ምክንያት አባቴ ነው። አባቴ ሎምባሞ በወጣትነቱ ፒያሳ በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ሥራው ፎቶ ማንሳት አልነበረም፤ ማሳመር ነበር። ያኔ ፎቶ የሚነካካው በእጅ ስለሆነ፣ ፎቶው የሚታተምበትን ፊልም፣ ኔጋቲቩን፣ መስኮት ላይ አስደግፎ ጫፉ እንደ መርፌ በሾለ እርሳስ የሰውን ብጉርና ሽብሽብ ሲሸፍን ይውላል። ያ እጁ ካለፈው ዓመት ወዲህ አይታዘዘውም። ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ያዘው፤ ምላሱንም አከበደው።

ሐምሌ ላይ አንድ የድሮ ወዳጁ ደውሎ፣ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ያለው አሮጌ ሰፈር ሊፈርስ፣ ሰዉም ወደ ኮንዶሚኒየም ሊዛወር መሆኑን ነገረው። በዚያ ሰፈር አባቴን እንደ ወንድም ያኖሩት እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴት አሉ። አባቴ ወሬውን በሰማ በሁለተኛው ቀን ጠራኝ።

«ብሩክቲ፣ ሂጂልኝ» አለ። «ፊታቸውን አምጪልኝ።»

«የማንን?»

«የእትዬ ብርቄን። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እኔ መምህርት ነኝ። ተማሪዎች ሲመረቁ ፎቶ የማነሳበት ዲጂታል ካሜራ አለኝ። ያነሳውን ፎቶ እዚያው በራሱ ላይ መቁረጥ፣ ማፍካት፣ ጥቁርና ነጭ ማድረግ፣ የሰው ፊትም ማለስለስ ይቻላል። ከዚያ ያለ ገመድ ወደ ስልኬ ያሻግረዋል፤ እኔ ደግሞ ከስልኬ የፈለግሁት ሰው ዘንድ እልካለሁ። «በየቀኑ ያየሁትን እልክልሃለሁ፤ አብረኸኝ ትሄዳለህ» አልኩት። እናቴ ስልኩን ልትይዝለት ተስማማች። ትምህርት ዝግ ነበርና በነሐሴ አንድ ሰኞ ተነሣሁ።

ሰኞ

አውቶቡሳችን ከሆሳዕና ሲወጣ መንገዱ በጉም ተሸፍኗል። ከመስኮቱ ማዶ የእንሰቱ ቅጠል ብቅ ይልና ይጠፋል፤ ብቅ ይልና ይጠፋል። ቡታጅራን ያለፍነው እንቅልፍ ይዞኝ ነው። ስነቃ ዝናብ ነበር፤ ደግሜ ተኛሁ፤ ደግሜ ስነቃ አዲስ አበባ ነበርን። ከመናኸሪያው ታክሲ ይዤ ፒያሳ ወረድኩ። እኛ አገር ሰው ከመኪና ሲወርድ ቢያንስ ሁለት ሰው «የማን ልጅ ነሽ?» ይላል። እዚህ ማንም አልጠየቀኝም። ጃንጥላው ሁሉ በአጠገቤ ያልፋል፤ ከሥሩ ያለው ሰው ግን አይታይም።

ቤቱን ድልድዩ ላይ የሚሸጡ ሰዎች አሳዩኝ። ከድልድዩ ቁልቁል ወርጄ፣ በቆርቆሮ በር ገብቼ፣ አራት ቤት የሚጋራው ግቢ ውስጥ የመጨረሻውን አንኳኳሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን መስቀልያ የለበሱ አሮጊት ከፈቱልኝ።

«ማን ልበል?»

«ብሩክታዊት እባላለሁ። የሎምባሞ ልጅ ነኝ። የፎቶ ቤቱ ሎምባሞ።»

በሩን እንደያዙ ቆሙ። 

«ሎምባሞ አለ?» አሉ በመጨረሻ።

«አለ። አሞታል እንጂ አለ።»

«ግቢ በያ። ምን ዝናብ ላይ ያቆምሻል።»

ይዤላቸው የሄድኩት በኮባ የተጠቀለለ የአገራችን ቅቤ ነው። ገና ስፈታው ሽታው ቤቱን ሞላው፤ እሳቸውም እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ፍልሰታ ነበር! እኛ ቤት ጴንጤዎች ስለሆንን ጾሙን ከቁም ነገር አላስገባሁትም። ሀፍረቴን ሲያዩ ሳቁ።

«ግድ የለም፤ ለፍስኩ ይደርሳል። እኔ ካልደረስኩለትም ጎረቤት ይበላዋል።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሱፍ ፍትፍት አቀረቡ። እኛ አገር እንግዳ የሚስተናገደው በቆጮና በአይብ ነው። ሱፉ ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ፣ ቃሪያው ምላስን ነክቶ የሚተው ነበር። አልጋቸውን ለቀቁልኝና እሳቸው ፍራሽ አነጠፉ። ብለምን፣ ብለምን አልሰማ አሉ። በዚህ መሐል የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«አባቴ የእርስዎን ፎቶ አምጪልኝ ብሎኝ ነው።»

«እኔ ፎቶ አልነሳም» አሉ። ድምፃቸው አልከፋም፤ ግን በር እንደሚዘጋ ሰው ነበር የተናገሩት። «እስከፈለግሽ ድረስ እረፊ፤ ብዪ፣ ጠጪ። እሱን ግን አትጠይቂኝ።»

ማክሰኞ

ጠዋት ፒያሳ ጉም ውስጥ ነበረች። እትዬ ብርቄ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ እኔ ካሜራዬን አንግቼ ከድልድዩ ወደ ላይ ጀመርኩ። አባቴ በድምፅ መልእክት መንገድ ይመራኛል። ቃሉን አንድ በአንድ ነው የሚያወጣው።

«ከድልድዩ… ወደ ላይ ስትወጪ… በስተግራ ሰዓት ጠጋኝ አለ። በመስታወቱ ውስጥ ሃያ ሰዓት… ሁሉም የተለያየ ሰዓት ይቆጥራል።»

በስተግራ ያለው ሰፊ የእግረኛ መንገድና በእንጨት የተደገፉ ለጋ ዛፎች ናቸው። ባዶውን ቦታ አነሳሁና ትንሽ አፍክቼ ላክሁለት።

«አዎ፣ እሱ ነው» አለኝ። ዛፎቹን አላነሳብኝም። «ከእሱ ቀጥሎ ሰማያዊ በረንዳ ያለው የእንጨት ቤት… እዚያ በረንዳ ላይ አንዲት ልጅ ፀጉሯን ታደርቃለች።»

ሰማያዊ በረንዳም አልነበረም። እኔ ግን ቀና ብዬ ፈለግሁ። እንዲህ እያለ ግማሽ ቀን መራኝ፤ ወደ ቀኝ ስታጠፊ ልብስ ሰፊው፣ ቀጥሎ የወርቅ ሠሪዎቹ ረድፍ፣ ቀጥሎ ዳቦ ቤቱ። አንዳንዱ አለ፣ አንዳንዱ የለም፤ ከጉሙ የተነሣ ደግሞ የቱ እንዳለ፣ የቱ እንደሌለ ሲምታታብኝ ነበር። በሌላ ሰው ሕልም ውስጥ የምራመድ መሰለኝ። አንዴ በአባቴ ዘመን የዳቦ ሽታ የነበረበት ቦታ ላይ ቆሜ በአፍንጫዬ አየር ሳብኩ፤ እውነት እላችኋለሁ፣ ሸተተኝ።

አንድ ኬክ ቤት ገብቼ ባንኮኒው ላይ ማኪያቶ አዘዝኩ። ከመስኮቱ ማዶ ሣር ብቻ ያለበትን ቦታ ሳነሳ አስተናጋጁ ያየኛል።

«እህት፣ የሌለውን ነው የምታነሺው?»

«አዎ፣ የሌለውን።»

«እንግዲያው ለዚህ ሰፈር አንድ ካሜራ አይበቃሽም፤ ጨምሪ» ብሎ ስኒዬን አነሳ።

ወዲያው ካሜራው እጄ ላይ እንዳለ ጠፋ። ባትሪው አልቋል። ቻርጀሩ ደግሞ ሆሳዕና፣ መኝታ ቤቴ ግድግዳ ላይ እንደተሰካ ቀርቷል።

ረቡዕ

ግቢውን ከሚጋሩት ጎረቤቶች አንዱ ጋሽ ከድር ናቸው። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የዕቃ መሸጫ ሱቅ ያላቸው፣ ጢማቸውን በሒና ያቀሉ የስልጤ ሰው ናቸው። ጠዋት ፊቴን አይተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁ፤ ነገርኳቸው።

«ይህማ በሽታ አይደለም» አሉ። «ነይ ተከተይኝ።»

ሱቃቸውን ቆልፈው በዝናብ ከሱቅ ወደ ሱቅ ወሰዱኝ። አንዱን በጉራግኛ፣ አንዱን በስልጢኛ፣ አንዱን በአማርኛ እየጠየቁ፣ ባትሪዬን ልክ እንደ ታመመ ጫጩት በመዳፋቸው ይዘው ያሳያሉ። ስድስተኛው ወይ ሰባተኛው ሱቅ ላይ የማንኛውንም ካሜራ ባትሪ የሚሞላ ቻርጀር ተገኘ። ከዚያም ሱቃቸው ወስደው ሰኩልኝና እስኪሞላ ድረስ በሻይ አቆዩኝ። እኛ አገር ሰው ለዘመዱ ይህን ያህል ይደክማል። እኔ ግን ለጋሽ ከድር ምናቸውም አልነበርኩም።

«ብርቄ ቤት ያደረች የእኛ እንግዳ ናት» አሉ ሳመሰግናቸው። «በሚቀጥለው ወር ሁላችንም ተበትነን የማን እንግዳ እንደምንሆን አላህ ያውቃል።»

ከሰዓት ዝናቡ ቆመ። እትዬ ብርቄ በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ምስር ይለቅማሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ ለአባቴ የላክሁትን ሳሳያቸው ምስራቸውን ትተው ተመለከቱ። ከዚያ የአባቴን መልእክት ከፈትኩ።

«የእሱ ድምፅ ነው?» አሉ።

«አዎ።»

«እንዲህ ሆነ?» ደግመው አስከፈቱኝ። አባቴ ስለ ሰማያዊው በረንዳ ሲናገር፣ ቃሉ ተጎትቶ እስኪወጣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ጠበቁት። «ያ አፈ ጮሌ! እንዲህ ሆነ?»

ሰፌዱን ወደ ጎን አደረጉ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«በይ አንዴ አንሺኝ። ለእሱ ከሆነ፣ አንዴ ብቻ።»

ብርሃኑ ከእርጥቡ ቆርቆሮ ነጥሮ ፊታቸው ላይ ያረፈበት ሰዓት ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፊት አንስቼ አላውቅም። ቀጥሎ ያደረግሁትን ግን አስቤ አላደረግሁትም፤ ለተመራቂዎች ሁሉ የማደርገው ነው። ጣቴ በልማድ ሄዶ ፊት ማለስለሻውን ተጫነ። ካሜራው አንድ አፍታ አሰበና፣ ሽብሽባቸው ሁሉ ወተት እንደፈሰሰበት ሆኖ ወጣ። ደስ ብሎኝ አሳየኋቸው።

ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይቺ ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎት እትዬ። ትንሽ አሳምሬው ነው።»



«አንቺም እንደ አባትሽ!» አሉ። ተነሥተው ሲገቡ ሰፌዱን ረገጡት፤ ምስሩ ግቢው ውስጥ ተበተነ። በሩ ተዘጋ። ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ምስሩን አንድ በአንድ ለቀምኩ።

ሐሙስ

ስነቃ እትዬ ብርቄ የሉም። ራስጌዬ ላይ ዳቦና ሻይ በቴርሞስ ተቀምጦልኛል። ተቆጥተውኝም ቁርሴን አልረሱም። ጋሽ ከድር ለቅዳሴ ወደ ሥላሴ መሄዳቸውን ነገሩኝ። ሻንጣዬን ልዝጋ፣ አልዝጋ እያልኩ ደጋግሜ ተነሣሁ፤ ደጋግሜ ተቀመጥኩ። አባቴ «ዛሬስ?» ብሎ ላከብኝ። አልመለስኩለትም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ መጡ። ነጠላቸው በዝናብ ርሷል። አልጋ ሥር ካለው ሣጥን በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት። ፎቶ ነው። ስድስት ወይ ሰባት ዓመት የሚሆናት ሕፃን፣ ፀጉሯ ሹሩባ፣ ፊቷ እንደ እንቁላል የጠራ።

«ልጄ ናት። ትርሲት» አሉ። «ለእንቁጣጣሽ ፎቶ ቤቱ ወስዶ ያስነሳት አባትሽ ነው። ይወዳት ነበር፤ ከሥራ ሲመጣ ትከሻው ላይ ነበር የምትውለው። በዚያው ዓመት ትኩሳት ያዛትና በሦስት ቀን ሄደች። ከዚህች በቀር ፎቶ የላትም። አሳድገህ አውጣልኝ አልኩት።»

ጣታቸውን ፎቶዋ ላይ አሳረፉ።

«ከግራ ዓይኗ ዝቅ ብሎ ምልክት ነበረባት። ጥቁር፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል። ስስማት እዚያችው ላይ ነበር የምስማት። አባትሽ ለእኔ ብሎ፣ ሌሊቱን ሁሉ ተቀምጦ አሳመራት። ምልክቷን አጠፋት።»

«አላወቀም ነበር?»

«ያውቃል እንጂ! እንከን መስሎታል። እናቷ በእንከኗ እንዳታያት ብሎ ነው። ሳየው ‹ይቺ የኔ ልጅ አይደለችም› ብዬ ጮህኩበት። ሐዘን ላይ ነበርኩ፤ ክፉ ተናገርኩት። ሊመልሰው ቢፍቀው ኔጋቲቩ ተቧጨረና ጭራሽ ተበላሸ፤ የቀረችኝ ይቺ ያሳመራት ብቻ ናት። በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። አልተሰናበተኝም። ይኸው እስከ ዛሬ።»

ካሜራዬን አወጣሁ። ፎቶዎቹን ወደ ኋላ እየገለጥኩ የመጀመሪያውን፣ ያልተነካውን፣ ከፈትኩላቸው።

«እትዬ፣ የትናንቱ አልጠፋም። ይህ ካሜራ የሚያሳምረው ቅጂውን ነው፤ ዋናው እንዳለ ይቀመጣል። ይዩት።»

መነጽራቸውን አደረጉ። በግንባራቸው ላይ ያለውን መስመር፣ ከዓይናቸው ሥር የተጠራቀመውን ሁሉ በጣታቸው ሳይነኩ ተከተሉት።

«ይቺስ እኔ ነኝ» አሉ። ቀጥለውም በቀስታ፣ «ያን ጊዜም እንዲህ ያለ ቢኖር…» ብለው ሳይጨርሱት ተዉት።

የለሰለሰውን እያዩ አጠፋሁት። «ይሄኛውን ላኪለት» አሉ። «ምንም ሳትነኪው። የሷንም ላኪለት።» ትርሲትን መስኮቱ ሥር አስቀምጬ አነሳኋት፤ ሁለቱን አንድ ላይ ላክሁ።

መልሱ ቆየ። ሲመጣ አብዛኛው ትንፋሽ ነበር።

«እትዬ… እጄ ነው የበደለዎት። ፍርድ ሳይሰጡኝ… ሸሸሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

እትዬ ብርቄ ሁለት ጊዜ አዳመጡት። ስልኩን መለሱልኝና ምንም ሳይሉ ወደ ጉልቻው ሄደው ሽሮ ጣዱ። ይቅር ይበሉ፣ አይበሉ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም።

ዓርብ

የመሄጃዬ ጠዋት ነው። ለመንገዴ ዳቦ ጠቅልለውልኛል። ጋሽ ከድርም ሻንጣዬን ሊይዙልኝ መጥተው ደጅ ይጠብቃሉ። ልሰናበታቸው ጎንበስ ስል እትዬ ብርቄ ክንዴን ያዙኝ።

«የኔንም ድምፅ ይወስዳል ይሄ ስልክ?»

«ይወስዳል።»

አፋቸው አጠገብ ያዝኩላቸው። ሩቅ ያለ ሰው እንደሚጠሩ ጮክ ብለው ጀመሩ።

«ሎምባሞ! ብርቄ ነኝ። የትርሲት አባትም ሞቷል፤ እህቴም ሞታለች። ትርሲትን በዓይኑ ያየ ሰው ከእኔና ከአንተ በቀር አልቀረም። ምልክቷ ከግራ ዓይኗ በታች ነው። ከግራ! እኔ አርጅቻለሁ፤ አንተ እንዳትረሳት።»

ልኬለት ስጨርስ በሩን እንድወጣ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ።

መመለሻው መንገድ ረጅም እንቅልፍ ነበር። ጉሙ እንደገና መጣ፤ እንሰቱ እንደገና መጣ። ሆሳዕና የደረስኩት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። አባቴ አልጋው ላይ ተደግፎ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎታል። እናቴ፣ መልእክቱን ቀኑን ሙሉ ሲያስከፍታት እንደዋለ ነገረችኝ።

«ደውዪልኝ» አለኝ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ።

ወደ ጋሽ ከድር ስልክ ደወልኩ፤ ሮጠው ወስደው ሰጧቸው። እኔ ሁለቱ የሚላቀሱ መስሎኝ ነበር። አላለቀሱም። ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ። እትዬ ብርቄ ቅቤውን አነሱበት፤ አባቴ በአንድ ጎኑ ሳቀ። አዲሱ ቤት ውኃ እንዳለው ጠየቃቸው፤ «አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም ይላሉ» አሉት። 

«ና እንጂ» አሉ። «እዚያ ስገባ ና። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ግን ና።»

«እሺ… እመጣለሁ» አለ አባቴ።

ስልኩ ሲዘጋ ቀና ብሎ ጣራውን አየ።

«ብሩክቲ» አለኝ፣ «አራተኛ ፎቅ… ስንት ደረጃ ይሆናል?»

«እኔ እንጃ አባዬ። ስልሳም ሰባም ይሆናል።»

በማግስቱ ጠዋት ውጭ የሚጎተት የእግር ኮቴ ሰምቼ ወጣሁ። አባቴ በግራ እጁ የእናቴን ትከሻ ይዞ፣ በደጃችን ያሉትን ሦስት ደረጃዎች ይወጣል፣ ይወርዳል። ግንባሩ በላብ ርሷል።

«አታስቁሚኝ» አለኝ። «ዘጠኝ ደርሻለሁ።»